እርማት፦ ረጅም ሌንስ ድፍረት አይሆንም

«የማታውቀውን ሰው መንገድ ላይ በተፈጥሯዊ ሁኔታው ለማንሳት፣ ረጅም ሌንስ ይዘህ ከሩቅ ተደበቅ» ያልከው ልክ አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን ያምንበታል። ታዋቂው ፈረንሳዊ የመንገድ ላይ ፎቶ አንሺ ሄንሪ ካርቲየር ብሬሶን አብዛኛውን ሥራውን የሠራው ረጅም ባልሆነ፣ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ትልቅ ሌንስ ራሱ ዓይን ይስባል። የተደበቀ ሰው ደግሞ ሰላይ ይመስላል።

35 ሚሊሜትር ሌንስ ግጠም። በፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያህል በሆነ) አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የሌንስ ቀዳዳ፣ f/8፣ ፎከሱን በእጅ 3 ሜትር ላይ አድርገው። ከ2 እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ፎከስ ፍለጋ የለም። ከዚያ ጥሩ ብርሃን ያረፈበት ጥግ መርጠህ፣ ካሜራህን በግልጽ ይዘህ ቁም። ሰዎቹ ራሳቸው ወደ ፍሬምህ ይገባሉ። መጀመሪያ አካባቢ እጅ መንቀጥቀጡ ያለ ነው፤ እኔም አልፌበታለሁ። ዓይን ለዓይን ከተጋጠማችሁ ፈገግ በል። «አጥፋው» ካለህ እያየህ አጥፋለት።