እኛ ስንገባ

የሰፈራችን ኮሚቴ የሰፈሩን ታሪክ እንድጽፍ መረጠኝ። ጸሐፊ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። በስብሰባው ቀን ስለቀረሁ ነው። እኛ ጋ ሥራ የሚሰጠው ለቀረ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መግቢያው በር ላይ ትልቅ ሰሌዳ ሊቆም ታስቧል። ከላይ «ታሪካችን»፣ ከሥር «የተሟሉ አገልግሎቶች» ይላል። ከተማው አልቆ ሜዳው ሊጀምር ሲል ያለን ሰፈር ስለሆንን ሰው እንዳይንቀን ነው።

ወረቀት አወጣሁና ጻፍኩ። «ሜዳ ነበር። እኛ መጣን።» አለቀ።

በዚህ እንዳላበቃ ደግሞ የአንደኛ ዙር ነዋሪዎች አሉ። ቤቶቻችን የተሠሩት በሦስት ዙር ነው። በአንደኛው ዙር የገቡት መኳንንቱ ናቸው። ወሬ ሲጀምሩ «እኛ ስንገባ» ብለው ነው። እኛ ስንገባ መብራት አልነበረም። እኛ ስንገባ ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር። ጦር ሜዳ ውሎ የገባ አርበኛም እንዲህ አይተርክም። ሁለተኛ ዙር የገባ ሰው መብራት ሲጠፋ የሚያማርረው ድምፁን ቀንሶ ነው። እኔ የሦስተኛው ዙር ነኝ። ስገባ አስፋልቱም መብራቱም ስለነበር ታሪክ የለኝም። ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ «እስኪ አዲሶቹም ይናገሩ» ይባላል። ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው።

የሰፈሩ ታሪክ ካጠረ እንግዲህ ዘሩን ልቁጠርለት አልኩ። የከተማ ዳር ሰፈር ቅድመ አያቱ ማን ነው? ፍለጋው የጥንት ሮም አደረሰኝ። የሮማውያን የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ ሬሳ ከተማ ውስጥ መቅበርን ይከለክል ነበር። ስለዚህ መቃብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደረደረ። በአፒያ መንገድ ዳር የተሠሩት ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ከከተማ ወጥቶ በሰልፍ መኖርን የጀመሩት እንግዲህ ሙታን ናቸው። ጸጥ ያሉ ነዋሪዎች ነበሩ። አጥር አይገፉ፣ ሙዚቃ አይከፍቱ። ሀብታሞቹም ቪላቸውን እዚያው ዙሪያ ሠሩ።

ይህን ለሊቀመንበሩ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄን ቤት ሊገዛ የሚመጣ ሰውም እኮ ያነበዋል» አሉ።

ሙታኑን አወጣኋቸው። ወደ ዘመናዊዎቹ አለፍኩ።

እ.ኤ.አ. በ1869 ኦልምስቴድና ቮክስ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ቺካጎ አጠገብ ሪቨርሳይድ የምትባል ሰፈር ነደፉ። መንገዶቿን ሆን ብለው ጠመዘዟቸው። ቀጥ ያለ መንገድ የጥድፊያ ነው፤ ጠመዝማዛው ግን ዕረፍትና መዝናናትን ያስታውሳል ብለው ነው። ሀሳቡ ተወደደና በየአገሩ ተቀዳ። እኛም ጋ ደርሷል። እዚህ ግን የሚያስታውሰው መጥፋትን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዕቃ የሚያደርስ ልጅ በሞተር ደጃፌን ሦስት ጊዜ አለፈ። መጀመሪያ ሲያልፍ በራስ ቁሩ ውስጥ ሆኖ አየኝ። ሁለተኛው ላይ ሰላምታ ሰጠኝ። በሦስተኛው ቆመ።

«ጋሼ፣ 47 ቁጥር የት ነው?»

«ይቺ 46 ናት።»

«እሺ፣ 47ስ?»

«እሱ በወዲያኛው በር ነው።»

ልጁ ሞተሩን አጥፍቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። እንግዲህ ዕረፍትና መዝናናት ማለት ይህ ከሆነ ኦልምስቴድ አልተሳሳተም።

ከሁሉም የወደድኩት ግን እንግሊዛዊውን ኤቤኔዘር ሃዋርድን ነው። ሥራው ፓርላማ ውስጥ የሚነገረውን እየሰማ ቃል በቃል መጻፍ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሜዳ ቢናፍቀው ማን ይፈርድበታል? እ.ኤ.አ. በ1898 የአትክልት ከተማ ሀሳቡን አሳተመ። በ1903 ደግሞ እዚያው እንግሊዝ፣ ሌችወርዝ በምትባል ቦታ ላይ ሥራው ተጀመረ። የሃዋርድ ከተማ 32,000 ሰው የምትይዝ፣ በእርሻ የተከበበች፣ ፋብሪካዋም ሥራዋም እዚያው ውስጥ የሆነላት ናት። ነዋሪው ሠርቶ በእግሩ ቤቱ ይገባል። ከሱ በኋላ የመጡት ቤት ሻጮች ብዙዎቹ ከዚህ ሁሉ ሀሳብ መርጠው የወሰዱት «አትክልት» የሚለውን ቃል ነው። ሥራው ከተማ ቀረ። እርሻው ላይ ሌላ ዙር ቤት ተሠራበት።

ለአትክልቱ ደግሞ ሣር አጫጅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1830 ኤድዊን ባዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ፣ በጨርቅ ፋብሪካ የጨርቁን ጸጉር የሚከረክመውን ማሽን አይቶ የሣር ማጨጃ ሠራ። ጎረቤት እንዳያየው ሌሊት ሌሊት ነበር የሚሞክራት ይባላል። ይሉኝታ ያለው ሰው ነበር። የኔ ጎረቤት እሁድ ገና ሳይነጋ ነው ማሽኑን የሚያስነሳው። ሣሩ አራት ምንጣፍ አይሞላም። ሆኖም አጭዶ አይጨርስም። እኔ ከአልጋዬ እስክነሳ ይጠብቀኛል ልበል?

እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ ሌቪት የሚባሉ አባትና ልጆች ከኒውዮርክ ወጣ ብሎ ሎንግ አይላንድ ላይ ቤት እንደ መኪና እየገጣጠሙ ማቆም ጀመሩ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ17,000 በላይ ቤት ቆመ፤ መንታ የሚመስል ቤት። ሰው ማታ ተሳስቶ የጎረቤቱን በር ቢያንኳኳ አልፈርድበትም። ደንቡም ለጉድ ነበር። ሣር በየሳምንቱ ይታጨዳል። አጥር ክልክል ነው። ቅዳሜና እሁድ ልብስ ውጭ አይሰጣም። የኛ ሊቀመንበር ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። ማስታወሻ ያዙ። ከነጭ በቀር ሌላ ሰው እንዳይኖርበት የሚል አንቀጽም በውሉ ውስጥ እንደነበረ ስነግራቸው ግን እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። እኔም በዚያ ላይ ቀልድ አልጨመርኩም።

ታሪኩ ይብቃ፤ ወደ አገልግሎቶቹ።

የኛ የመጀመሪያው አገልግሎት ርቀት ነው። «ከመሃል ከተማ አሥር ደቂቃ» ይላል ቤቱን የገዛንበት ወረቀት። ውሸት አይደለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞክሬው አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ጠዋት ለሥራ ስወጣ ግን ጺሜን መኪና ውስጥ ነው የምላጨው። አንዳንድ ቀን ስደርስ መልሶ ይበቅላል።

ሁለተኛው የመዋኛ ገንዳ ነው። ውሃ ገብቶበት አያውቅም። ግን ያለ እሱ ሰፈራችን አትቆምም፤ ምክንያቱም ስብሰባ የምናደርገው እዚያ ውስጥ ነው። ንፋስ አይገባም፣ ድምፅ ያስተጋባል። ሊቀመንበሩ ጥልቀት በሌለው በኩል ይቆማሉ። አንደኛ ዙር ደረጃው ላይ ይቀመጣል። እኛ አዲሶቹ ጥልቁ ውስጥ ነን፤ ለመናገር ቀና ማለት አለብን። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ዘሎ መግባት ክልክል ነው» ተጽፏል። አንድ ጊዜ የቆሻሻ መኪና ጉዳይ ሲነሳ ነገሩ ጦፎ ሁለት ሰዎች ተያያዙና የኮሚቴው ጸሐፊ ይህን ጽሑፍ ሲጠቁማቸው ታየ።

ሦስተኛው የገበያ ማዕከል ነው፤ ገና በሥዕል ላይ ያለ። በዚህ ግን አልፈርድም። ቪክቶር ግሩን የሚባል ከቪየና የተሰደደ አርክቴክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ሚኒሶታ ውስጥ ሳውዝዴል የተባለው፣ ሙሉ በሙሉ ጣሪያ የለበሰ የገበያ ማዕከል የተከፈተው በሱ ንድፍ ነው። ሰው ከነመኖሪያ ቤቱ፣ ከነትምህርት ቤቱ፣ ከነመናፈሻው የሚገናኝበት መሃል እንዲሆን ነበር የፈለገው። የተቀዳለት ሱቁና የመኪና ማቆሚያው ሆነ። በስተርጅናው በተቀዱት ማዕከላት ተናዶ «የኔ አይደሉም» ብሎ ካዳቸው። የኛው ቢያንስ ስላልተሠራ ማንንም አላናደደም።

ጽሑፉን ጨርሼ አስረከብኩ። ኮሚቴው ሮምን ሰረዘ፣ ሃዋርድን ሰረዘ፣ ባዲንግን ጎረቤቴ ሰረዘው። ሰሌዳው ላይ የወጣው «ሜዳ ነበር። እኛ መጣን» የሚለው ነው። ከሥሩ አሥር ደቂቃዋ አለች።

ሰሌዳው በቆመ ዕለት ከበስተጀርባው አራተኛ ዙር ቤት ተጠናቆ ሰው መግባት ጀምሮ ነበር። ፍራሽና ቁም ሣጥን የጫነ መኪና በሩ ጋ ቆመ። ሊቀመንበሩ አጠገቤ ሆነው ተነፈሱ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ከየት ነው የሚመጣው? ከተማው ውስጥ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?»

ከጋቢናው አንድ ወጣት ወረደ፤ ባለቤቱ አበባ የተተከለበት ባልዲ ታቅፋ ተከተለችው። ሰሌዳውን አነበበ። ወደኔ መጣና በትሕትና ጠየቀኝ።

«ይቅርታ፣ ውሃና መብራት እንዴት ነው እዚህ?»

«ኧረ አሁንማ ምን አለ» አልኩት። «እኛ ስንገባ ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር።»

ሊቀመንበሩ ዞር ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም።