የኔታም በሌሊት ይነሳሉ

በላ ልበልሃ ቀረ የሚል ሰው ደብረ ማርቆስ ጠላ ቤት ገብቶ አያውቅም። ጣሳው ሳይጋመስ ክስ ይቀርባል፣ ምስክር ይሰማል፣ ፍርድ ይሰጣል።

በቀደም አንድ አያ ዶሯቸው ጠፋችባቸውና ክስ አሰሙ። "ሌባ በሌሊት ይዞራል። የጎረቤቴ ልጅም በሌሊት ይዞራል። እንግዲህ ሌባው እሱ ነው!" ቤቱ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ መምህር ግን አላስቻለውም። "የኔታም ለማኅሌት በሌሊት ይነሳሉ። በዚህ አያያዝ እሳቸውም ሌባ ሊሆኑ ነው?"

አለቀለት። "የኔታን ሌባ አላቸው!"

ኧረ አላላቸውም! ሰውዬው የነካው የኔታን ሳይሆን የክርክሩን መንገድ ነው። መነሻው እውነት፣ መደምደሚያው ውሸት የሆነ አንድ ምሳሌ ከተገኘ፣ በዚያው መንገድ የመጣ ክርክር ሁሉ አይታመንም። አንድ ምሳሌ ይበቃል። አርስቶትልም ከ2300 ዓመት በፊት ሰው፣ ፈረስ፣ ድንጋይ እየጠራ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ደግነቱ አቴንስ ኖረ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ፣ በአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ያ ሁሉ ያጌጠ ፈረስ በተሰለፈበት፣ "ሰው ሁሉ እንስሳ ነው፤ ፈረስም ሁሉ እንስሳ ነው፤ ታዲያ ሰው ሁሉ ፈረስ ነው?" ቢል ጉዱ ይፈላ ነበር። ሰው ተሰደበ ተብሎ እንዳይመስላችሁ፤ ፈረሱ ተሰደበ ተብሎ ነው።

እኔ ብሆን በአገር ስም እሞክረው ነበር። "ደጀን ጎጃም ውስጥ ነው። ቢቸናም ጎጃም ውስጥ ነው። ስለዚህ ደጀን ቢቸና ነው?" ማንም አይቀየምም። የቢቸና ሰው ከሌለ ማለቴ ነው።

መምህሩን የባሰ ያስጠቃው ግን ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ነው።

"እሺ፣ ዶሮዋን ማን ወሰዳት?"

"አላውቅም።"

"ልጁ አልወሰደም ነው የምትለው?"

"ወስዶም ሊሆን ይችላል። እኔ ያልኩት በሌሊት መዞሩ ብቻ ሌባ አያሰኘውም ነው።"

"ካላወቅህ ምን አስለፈለፈህ!" አሉ አያ። እውነቱን ለመናገር ጠላ ቤቱ ፈረደላቸው። እኛ ዘንድ ክርክር ያፈረሰ ሰው ሌባውን ይዞ ካልመጣ ዋጋ የለውም። ላባ የት እንደተገኘ፣ ማን ቤት ወጥ እንደሸተተ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ወሬው በማግስቱ የኔታ ዘንድ ደረሰ። ይቆጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ጭራቸውን ነስነስ አድርገው፣ "ለመሆኑ ዶሮዋ ወፍራም ነበረች?" አሉ አሉ።