ፐልሳርን ያዩት ጆስሊን ቤል ናቸው

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የሳይንስ ዝግጅት ላይ የቀረቡ እንግዳ ፐልሳርን፣ ማለትም በፍጥነት እየተሽከረከረ በየጊዜው የሬዲዮ ምት የሚልክ ኮከብን፣ በዶክትሬት ተማሪነታቸው ያገኙት የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የጆስሊን ቤል በርኔል ስም ሲነሳ፣ ተማሪ የታዘዘውን እንደሚሠራና እ.ኤ.አ. የ1974ቱ የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለአማካሪያቸው ለአንቶኒ ሂዊሽ መሰጠቱ ተገቢ እንደነበር ተናግረው አለፉ። አዘጋጁም ዝም አሉ። እኔ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ለመሆኑ የታዘዙት ምን ነበር? ካምብሪጅ አጠገብ ሁለት ዓመት ሙሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ለመሥራት ምሰሶ ሲተክሉና ሽቦ ሲዘረጉ የቆዩት ኳሳር የሚባሉትን እጅግ ሩቅና ብሩህ የጋላክሲ እምብርቶች ለመፈለግ ነው። ፐልሳር ፈልጊ ብሎ ያዘዛቸው የለም፤ በሰማይ ላይ እንዲህ የሚመታ ነገር መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረምና ሊያዝዛቸው የሚችልም አልነበረም። በ1967 ቴሌስኮፑ በየቀኑ የተቀበለው የሬዲዮ ሞገድ የተሰመረበት 30 ሜትር ገደማ ወረቀት ሲያወጣ፣ ያን ሁሉ በገዛ ዓይናቸው ያነበቡት እሳቸው ናቸው። በዚያ ወረቀት ላይ ከአንድ ሴንቲሜትር የማትበልጥ ጭረት አዩ፤ ኳሳርም ሰው ሠራሽ ሞገድም እንደማትመስል ልብ አሉ፤ ቀደም ሲልም ከዚያው የሰማይ ክፍል መጥታ እንደነበር አስታውሰው የድሮውን ወረቀት አገላብጠው አረጋገጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ መዝጋቢውን አፍጥነው ሲቀዱት በየ1.3 ሰከንዱ የሚመታ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለአማካሪያቸው በስልክ ሲነግሯቸው ያገኙት የመጀመሪያ ምላሽ፣ ምልክቱ ሰው ሠራሽ መሆን አለበት የሚል ነበር። የታዘዙትን ብቻ የሚሠሩ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ሁለተኛውን ፐልሳር ከሌላ የሰማይ አቅጣጫ ያገኙትና ጥርጣሬውን ያስወገዱትም እሳቸው ናቸው።

ቴሌስኮፑን የነደፉት አንቶኒ ሂዊሽ መሆናቸውን አልክድም። ይሁን እንጂ ሽልማቱ የተሰጣቸው ለንድፉ ሳይሆን በፐልሳር ግኝት ላይ ለነበራቸው «ወሳኝ ሚና» ተብሎ ነው፤ ያን ሚና ከወረቀቱ ፊት ተቀምጦ የተወጣው ማን እንደሆነ ደግሞ ከላይ ተናግሬያለሁ።

«ኖቤል ለተማሪ አይሰጥም» የሚለው መከራከሪያማ ፈጽሞ አይቆምም። ራስል ኸልስ በዚያው በ1974 የጆሴፍ ቴይለር የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ በአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ጥንዱን ፐልሳር፣ ማለትም ከሌላ ኮከብ ጋር እርስ በርስ የሚዞረውን፣ አገኙ፤ በ1993 ሁለቱም እኩል ተሸለሙ። ለኸልስ ያልከበደ ሕግ በቤል ላይ የከበደበትን ምክንያት እንግዳው ሊያስረዱን ይገባል።

ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ቅር እንዳላላቸው መናገራቸውም ይጠቀሳል። የተበዳይ ትሕትና ግን ለበዳዩ መከላከያ ሊሆን አይችልም። ትዳር ከመሠረቱ በኋላ ባለቤታቸው ሥራ በቀየሩ ቁጥር አብረው እየተዘዋወሩ፣ ልጅ እያሳደጉ፣ ለረጅም ዓመታት የሙሉ ጊዜ ሥራ ሳይኖራቸው ኖረዋል፤ የኦፕን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የሆኑት በ1991 ነው። ያ ሽልማት በእጃቸው ቢሆን ኖሮ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነበር በሩን የሚዘጋባቸው? በ2018 ዘግይቶ የመጣላቸውን የ3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት እንዳለ የሰጡት፣ በፊዚክስ ዘርፍ ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ የኅብረተሰብ ክፍሎች ለሚመጡ የዶክትሬት ተማሪዎች ነው።