ውድ ከሆነ ለምን አይጠገንም?

ዛሬ የምጽፈው ተናድጄ ነው። ለቤት የሚሆን ጥሩ ብሌንደር፣ ጥሩ ቫኪዩም ክሊነር፣ ጥሩ የቡና ማሽን መምረጥ እንዲህ ጨጓራ የሚልጥ ጣጣ መሆን አልነበረበትም። ርካሹን ትቶ ውዱን ለመግዛት የቆረጠ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ዕቃው ብዙ ዓመት እንዲያገለግለው። ስለዚህ ጉዳይ ግን ካርቶኑ ላይ አንድ መስመር አታገኙም።

የምታገኙት ቁጥር ነው። ዋት፣ ባር፣ ደቂቃ። በትልልቁ፣ በሚያብረቀርቅ ቀለም።

ዋትን እንውሰድ። ዋት ማሽኑ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው የሚነግረን። ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ አይነግረንም። 2000 ዋት የተጻፈበት ብሌንደር ከ1000 ዋቱ እጥፍ አይፈጭም። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት የሚለጠፈው ቁጥር ሞተሩ ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። እውነቱን ማወቅ የፈለገ ሰው ዕቃውን ገልብጦ ሥሩን ማየት አለበት። እዚያ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ምልክት አለ። ማሽኑ በመደበኛነት የሚሠራበት ዋት ያለው እሱ ላይ ነው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ «ኬቢ 1 ደቂቃ» የሚል ታያላችሁ። ከአንድ ደቂቃ በላይ ሳታሳርፉ አታሠሩት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ ከፊት «እጅግ ኃይለኛ ሞተር»፣ ከሥር «ከአንድ ደቂቃ በላይ አልችልም»። ለገዢው ከዚህ በላይ የሚጠቅም መረጃ የለም እኮ! ለምን ሥሩ ላይ ይደበቃል?

ቫኪዩም ክሊነርም ያው ነው። ዋቱ ሲበዛ የሚያጸዳ ይመስለናል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ከ1600 ዋት በታች እንዲሆን አዘዘ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ2017 ደግሞ ወደ 900 አወረደው። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ማሽኖች ማጽዳት አላቃታቸውም። ወሳኙ አየሩ የሚያልፍበት መንገድ፣ መሬት የሚነካው አፍ አሠራርና ማጣሪያው ነዋ። ይሄን ግን ማን በትልቁ ይጽፍልናል?

ደግሞ ፈተናውም ራሱ ያናድዳል። ያው ኅብረት ለቫኪዩም ክሊነሮች ባወጣው የኃይል ቆጣቢነት መለያ ላይ ማሽኑ የሚለካው የአቧራ መያዣው ባዶ ሆኖ ነበር። ቤት ውስጥ ባዶውን የሚሠራ ቫኪዩም ማን አለው? ቫኪዩም አምራቹ ዳይሰን ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስዶ ተከራከረ። በ2018 መለያው እንዲሰረዝ ተፈረደ። ዓመታት ሙሉ ሰው በዚያ መለያ እየተማመነ ሲገዛ ነበር ማለት ነው።

ኤስፕሬሶ ማሽን ላይ 15 ባር፣ 20 ባር ይሉናል፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ለጥሩ ኤስፕሬሶ የሚበቃው 9 ባር አካባቢ ነው። ትልቁ ቁጥር ፓምፑ ሊገፋ የሚችልበት ጫፍ እንጂ ሲኒው ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም። ገመድ አልባው ቫኪዩም ላይ «60 ደቂቃ ይሠራል» ሲባል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛው ፍጥነት፣ ያውም የሚሽከረከረው ብሩሽ ሳይገጠምለት ነው። ብሩሹን ገጥማችሁ ፍጥነቱን ጫፍ ስታደርሱት ወደ ጥቂት ደቂቃ ይወርዳል። ረቂቅ ብናኝ ለማስቀረት የሚገጠመው ሄፓ ማጣሪያ የተባለውም ሁሉ አንድ አይደለም። ትክክለኛው ኤች 13 ደረጃ ያለው ቢያንስ 99.95 በመቶ የሚሆነውን ረቂቅ ብናኝ ያስቀራል። «ሄፓ መሰል» የሚል ካያችሁ ግን ማንም ምንም ቃል አልገባላችሁም። አስም ያለበት ሰው ላለበት ቤት ይሄ ቀልድ አይደለም።

አሁን አንጀቴን ወዳሳረረው ነገር ልምጣ።

የቤታችን ብሌንደር ውድ ነው። ሞተሩ እስካሁን ጤነኛ ነው፣ ድምፁ አልተቀየረም። ግን አልፈጭ አለ። ጆጉን ሳነሳው ሥሩ ላይ ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ፈሷል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ሞተሩን ከቢላው ጋር የምታያይዘው ጥርስ ያላት ትንሽ ላስቲክ ጥርሷ ተበልቶ አልቋል። ያለቀችው እሷ ብቻ ናት። መዳፍ ላይ ስትቀመጥ የመዳፉን ሩብ የማትሞላ ዕቃ! የገዛሁበት ቦታ ሄድኩ። መለዋወጫ የለም። «አዲስ መግዛት ነው የሚሻለው» ተባልኩ። ጋራንቲውስ? ካርቶኑ ላይ በትልቁ «10 ዓመት» ይላል። ሲነበብ ለሞተሩ ብቻ ነው። ላስቲኳ፣ ጆጉ፣ ቢላው፣ ማብሪያ ማጥፊያው የሉበትም። ቶሎ የሚያልቀው ነገር ሁሉ ከጋራንቲው ውጪ ነው፤ የማይሞተው ሞተር ግን 10 ዓመት ዋስትና አለው።

እሺ፣ ራሴ ልክፈተው ብዬ ካቻቢቴ ይዤ ገለበጥኩት። የብሎኑ ጭንቅላት ሦስት ማዕዘን ነው። ቤት ውስጥ ያለ መፍቻ እንዳይገባበት ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። የመኪና ጎማ ሲያልቅ መኪናውን ጣሉት የሚል አለ? ታዲያ ከፍ ያለ ገንዘብ የተከፈለበት ማሽን ለአንዲት ላስቲክ ሲባል ለምን ይጣላል?

አይቻልም እንዳትሉኝ። ይቻላል። ኪችንኤይድ በ1937 ያወጣው የሊጥ ማቡኪያ ፊቱ ላይ ተጨማሪ ዕቃ የሚገጠምበት ቀዳዳ አለው። ያኔ የተሠራው ተቀጥላ ዛሬ በሚመረተው ማሽን ላይም ይገጥማል። ከ80 ዓመት በላይ! በደንብ በተሠሩ ማቡኪያዎች ውስጥ ደግሞ ሊጡ ሲከብድ ቀድማ እንድትሰበር የተሠራች ጥርስ አለች። እሷ ተሰብራ ሞተሩን ታተርፋለች። ከዚያ እሷን መቀየር ነው፣ ማሽኑ ይቀጥላል። ይሄን ያሰበው መሐንዲስ ለገዢው አስቦ ነው። ውድ ዕቃ ስል እንደዚህ ያለውን ነው የምለው።

በስም መተማመንም ድሮ ቀረ። ፊሊፕስ የቤት ዕቃ ክፍሉን በ2021 ሸጦታል። ዛሬ በዚያ ስም የሚያመርተው ቨርሱኒ የሚባል ሌላ ኩባንያ ነው፣ ስሙን በፈቃድ ይጠቀማል። ዕቃው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን እናታችን የነበራት ያ ስም ያለው ዕቃ ስላገለገላት ብቻ የሚገዛ ሰው ይሄን የማወቅ መብት አለው። ስሙ ብቻ የቀረ፣ አምራቹ የተቀየረ ብራንድ ሞልቷል።

መፍትሔው ሕግ ነው ብዬ አምናለሁ። ፈረንሳይ ከ2021 ጀምሮ አንዳንድ ዕቃዎች ለጥገና ምን ያህል እንደሚመቹ ከ10 ነጥብ ተሰጥቷቸው እንዲሸጡ አድርጋለች። በ2022 ቫኪዩም ክሊነርን ጨመረች። ነጥቡ ዋጋው አጠገብ ነው የሚለጠፈው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 አምራቾች አንዳንድ ዕቃዎችን የመጠገን ግዴታ እንዲኖርባቸው ደንብ አወጣ። ቫኪዩም ክሊነር ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ብሌንደር፣ የቡና ማሽን፣ ኤር ፍራየር ግን የሉም። ለምን? ቶሎ ቶሎ የሚጣሉት እነሱ አይደሉም እንዴ? ትንሽ ዕቃ ስለሆነ ይጣል የሚል አስተሳሰብ መቆም አለበት። ትንሽ ቢሆንም ውስጡ መዳብ አለ፣ ባትሪ አለ፣ የሰው ላብ አለ።

እስከዚያው እኔ መደብር ስገባ ዋቱን አልጠይቅም። የምጠይቀው ሌላ ነው። የገመድ አልባው ቫኪዩም ባትሪ ያለ መሣሪያ በእጅ ይወጣል ወይ? ለብቻው ይሸጣል? ሊቲየም ባትሪ ጥቂት መቶ ጊዜ ከተሞላ በኋላ መድከሙ አይቀርም፤ ተጣብቆ የታሸገ ከሆነ ማሽኑ አብሮት ይሞታል። የኤር ፍራየሩ ቅርጫት ሽፋኑ ሲላጥ ለብቻው ይገኛል? የብሌንደሩ ላስቲክና ጎማ መጋዘን ውስጥ አሁን አለ ወይስ «ይመጣል» ነው? መመሪያው ላይ የመለዋወጫ ቁጥር ተጽፏል? ሻጩ ዝም ካለ ወይም ወደ ስክሪኑና ወደ ስልክ አፑ ከወሰደኝ ትቼው እወጣለሁ። ብሌንደር ለመሥራት ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

እናንተም እርዱኝ። ዓመታት አገልግሏችሁ፣ ተበላሽቶ ተጠግኖ አሁንም የሚሠራ ብሌንደር ወይም ቫኪዩም ያላችሁ ሞዴሉን ከነቁጥሩ ጻፉልኝ። የተቀየረለትን ዕቃና መለዋወጫውን እንዴት እንዳገኛችሁትም ጨምሩበት። የኛው ላስቲኳን እየጠበቀ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል፣ እኔ ደግሞ ልጥለው ፈቃደኛ አይደለሁም።