ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም

ስለ ልብ ምት ያነበብኩት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን «ጤናማ ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል» ብሎ ማለፉ ትንሽ ቅር አሰኘኝ። ቁጥሩስ እረፍት ላይ ላለ አዋቂ ልክ ነው። ግን ልብ በደቂቃ 75 ጊዜ እየመታም ምቱ የተዛባ ሊሆን ይችላል። ዘወትር ስፖርት የሚሠራ ሰው ደግሞ 50 ሆኖ ምንም ላይሆን ይችላል።

ዋናው ጥያቄ ምቱ ከየት ተነሳ የሚለው ነው። በቀኝ በኩል ባለው የላይኛው የልብ ክፍል ውስጥ ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ አለች። የኤሌክትሪክ ምልክቱን የምትለኩሰው እሷ ናት። ምልክቱ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ከመውረዱ በፊት መሃል ላይ ለቅጽበት ይዘገያል። ይቺን መዘግየት በጣም ነው የምወዳት! ላይኞቹ ደማቸውን አራግፈው እስኪጨርሱ ታችኞቹ ይጠብቃሉ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚመዘግብ ምርመራ) ወረቀት ላይ ይታያል። መጀመሪያ ፒ የሚሏት ትንሽ ጉብታ። ቀጥሎ ሹሉ ኪውአርኤስ፣ ከዚያ ለስለስ ያለችው ቲ። ወረቀቱ በተለመደው ፍጥነት፣ በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ከሄደ፣ ወረቀቱ ላይ የታተመው አንዱ ትልቅ ካሬ 0.2 ሰከንድ ነው፤ በደቂቃ 300 ትላልቅ ካሬ ማለት ነው። ከሹል እስከ ሹል 4 ትላልቅ ካሬ ካለ 300ን ለ4 አካፍሉ፤ 75 ወጣ። ምቱ ወጥ ካልሆነ ግን ይህ ስሌት ያታልላል።

ደግሞ አየር ስትስቡ ምቱ ትንሽ ፈጠን፣ ስታስወጡ ቀዝቀዝ ማለቱ፣ በተለይ ወጣቶች ላይ፣ የተለመደ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ጣቴን የእጄ አንጓ ላይ አድርጌ ስንት ሌሊት ተጨንቄያለሁ።