ቃል የሌለው ዜማ፣ ዘማሪ ያጣ ቃል

እዚህ ጀርመን፣ ላይፕሲግ ከተማ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ ርችት ብቻ አይደለም። የከተማዋ ኦርኬስትራ፣ ጌቫንድሃውስ፣ የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ይጫወታል። ልማዱ የመጣው ከ1918 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ማብቃቱ ነበር። ለሠራተኞች ተብሎ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተጀመረ፤ አዲሱን ዓመት እየዘመሩ እንዲቀበሉት።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ሴትዮ ናቸው። የሰፈር ኳየር ውስጥ ይዘምራሉ። ድምፃቸው፣ እውነት ለመናገር፣ ያን ያህል አይደለም። ግን ዝናብ ሆነ በረዶ ማክሰኞ ማክሰኞ ኖታቸውን ይዘው ይወጣሉ። ባለፈው ታኅሣሥ ይህንኑ ሲምፎኒ ሲያቀርቡ ጋበዙኝ። ሦስቱ ክፍል እስኪያልቅ ኳየሩ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አራተኛው ላይ ተነሡ። ሴትዮዋ ያንን ከፍ ያለ ድምፅ ይዘው የአንገታቸው ደም ሥር ተገተረ፣ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

እኛ ጋ ተሰብስቦ መዘመር የቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ውጪ የት ሄደህ ትዘምራለህ? እንቁጣጣሽ ላይ ግን ልጃገረዶቹ በየበሩ ሲመጡ «ለምለም» ብሎ ለመቀበል ልምምድ የገባ የለም።

ቤትሆቨን ሥራውን በ1824 ቪየና ላይ ሲያቀርብ ጆሮው አይሰማም ነበር። ጭብጨባውን በዓይኑ እንዲያይ አንዷ ዘፋኝ ይዛ ወደ ሕዝቡ አዞረችው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ዜማውን ያልወሰደው የለም። በ1942 በሂትለር ልደት ዋዜማ በርሊን ላይ ተዘመረ። የሚዘመረው ሰው ሁሉ ወንድማማች ይሆናል የሚለው የጀርመናዊው ገጣሚ የሺለር የደስታ ግጥም እኮ ነው! በ1974 የሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ነጮች ብሔራዊ መዝሙር አደረጉት፤ የአገሬውን ጥቁር ረግጠው እየገዙ። በ1989 የበርሊን ግንብ ሲከፈት ደግሞ አሜሪካዊው የኦርኬስትራ መሪ በርንስታይን «ደስታ» የሚለውን ቃል «ነፃነት» ብሎ አዘመረው።

የአውሮፓ ኅብረት ብልጥ ነው። በ1985 ዜማውን ወሰደ፣ ቃሉን ተወ። ያ ሁሉ ቋንቋ ባለበት በጀርመንኛ ዘምሩ ቢባል ማን እሺ ይላል? አሁን ሁሉም በአፍንጫው ያንጎራጉረዋል።

የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ግን ቃል አለው። ያውም የኛው የፀጋዬ ገብረ መድኅን ቃል። አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ በኅብረቱ ሕንፃ አጠገብ በየቀኑ በታክሲ ታልፋለች። ደውዬ ታውቂዋለሽ ወይ አልኳት።

«መዝሙር አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ! የፀጋዬ ነው።»

«እስቲ በልልኝ።»

ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳልደርስ ዜማው ቤትሆቨን ሆኖብኝ ቁጭ።