ሞተሩ ያልተነካ ነው

አቦ ዛሬ ልተንፍስ። ያገለገለ ላንድክሩዘር ወይም ፕራዶ መፈለግ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ድሬ ውስጥ ያልገባሁበት ግቢ የለም። ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ ከመጋላ እስከ ገንደ ቆሬ ያለ ደላላ ሁሉ ስልኬን ይዟል። አንዳንዱማ ከእናቴ በላይ ይደውልልኛል። እስካሁን ግን የምሄደው በባጃጅ ነው።

ሥራዬ የውሃ ፓምፕ መግጠምና መጠገን ነው። ሽንሌ፣ ኤረር፣ አንዳንዴም አይሻ ድረስ እወርዳለሁ። አስፋልቱ ሲያልቅ አሸዋ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ የደረቀ ወንዝ ነው። ኮሮላ አይሞክረውም። መኪና እየተከራየሁ ነው የምሠራው፣ ኪራዩ ደግሞ ትርፌን በልቶ ሲጨርስ ወደ እኔ ያያል። ስለዚህ ከወንድሜ ጋር ተጋግዘን አንድ እንግዛ አልን። ናፍጣ ይሁን፣ አራቱም ጎማ ይጎትት። ሌላ ቅንጦት አልፈለግንም።

ከዚያ ተሳሳትኩና ሰው ጠየቅኩ። «የድሮ ሞተር ነው የሚሻለኝ ወይስ አዲሱ?» ብዬ። ምነው አፌን በቆረጠው! የአርሰናልና የማንችስተር ደጋፊ እንዲህ ሲናከስ አላየሁም።

የድሮው ወገን ጣዖት 1ኤችዜድ የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣ፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ አየር የሚጨምርለት ተርቦ የሌለው፣ ኮምፒውተር የማያውቅ። የእርዳታ ድርጅት ነጭ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር አይታችሁ ከሆነ ድምፁን ታውቁታላችሁ። መጋላ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ፣ ስለዚህ ሞተር ሲያወሩ ስለ በኩር ልጃቸው የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። «ናፍጣ ይግባለት፣ አየር አይግባበት፣ ሌላ ምን ይፈልጋል ልጄ?» ይሉኛል።

እውነታቸውን ነው። የናፍጣ ፖምፓው መካኒካል ነው። ኖዝሉ ናፍጣውን የሚረጨው በ150 ባር አካባቢ ግፊት ነው። በረሃ ላይ ቢቆምብህ ፊልትሮ ትቀይራለህ፣ በእጅ እየገፋህ አየሩን ታስወጣለህ፣ ሁለት ቁልፍና ትንሽ ስድብ ካለህ ይነሳል። በዓይኔ አይቻለሁ። ሾፌራችን ኤረር አጠገብ የግራር ጥላ ስር ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አስነስቶታል፣ ያውም ጉንጩ ላይ ያለውን ጫት ሳያወጣ።

ግን ሽማግሌው የማይነግሩኝ ነገር አለ። ይሄ ሞተር ጉልበቱ 130 ፈረስ አካባቢ ነው። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ጨርሰህ ስትወጣ ደግሞ ከ2,000 በላይ ሆነሃል። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍ ባልክ ቁጥር አየር ያጥረዋል። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ላይ የእኔን ቧንቧና ጄኔሬተር ጫኑበት። ያቺን ጠመዝማዛ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትኩ ስወጣ፣ ጫቱን አራግፎ የሚመለስ አይሱዙ ከኋላዬ ክላክሱን ይለቅብኛል። ናፍጣም ይወዳል፣ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ገደማ ይጠጣል።

ቫልቭና ፒስተኑን የሚያስማማው ቺንጋውስ? በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ የገንዘብ ወሬ ነው። «ቺንጋው መቼ ተቀየረ?» ብዬ ጠይቄ በቁጥር የመለሰልኝ ሻጭ የለም። «ቅርብ ነው» ይላሉ። ቅርብ ማለት መቼ ነው አቦ? ከልጅህ ክርስትና በፊት ነው በኋላ?

ዋጋውን ተዉት። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ታገደ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ያው ያለው ነው፣ ባለቤቱም ያውቃል። ወንበሩ የተቀደደ፣ በሩ በሽቦ የታሰረ፣ ሰላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ መኪና አጠገብ ቆሞ ሚሊዮኖችን ይጠራልኛል። ዝገቱን ሳሳየው «ብረት ነው!» ይለኛል። ብረት ባይሆንማ መቼ ይዝግ ነበር።

አንዱ ጓደኛዬ ታዲያ «ኤሌክትሪክ ግዛና ተገላገል» አለኝ። እሺ። አይሻ ላይ የት ልሰካው? ፓምፕ ልገጥም የሄድኩት እኮ መብራት ስለሌለ ነው!

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ሌላ ድራማ ነው። ሰላሳ ዓመት የሚጠጋው አንድ መኪና 140,000 ብቻ ነዳ ተባልኩ። ስልኬን አውጥቼ አካፈልኩት። በቀን 14 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይሄ መኪና ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ልጅ ትምህርት ቤት ሲያደርስ ነው ማለት ነው? የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ግን ተልጦ ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል። መሪው ላይ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ቆዳው አልቆ ለስልሷል። ደላላው ምን አለኝ መሰላችሁ? «ስሚ አንቺ፣ ቁጥሩን ተዪው፣ ሞተሩ ያልተነካ ነው።» (ድሬ ነው፣ ወንዱም አንቺ ነው፣ የውጭ ሰው እንዳትደነግጡ።) ያልተነካ! የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ዙሪያ ገና ያልደረቀ ሲሊኮን እያየሁ እኮ ነው።

ወደ አዲሱ ወገን ልምጣ። እዚያ ያሉት ወጣቶች ናቸው፣ እጃቸው ላይ ታብሌት አለ፣ መኪናው ላይ ሰክተው እንደ ሐኪም ያነባሉ። እነሱ የሚያወሩት ስለ ኮመን ሬል ነው፣ ናፍጣውን በኮምፒውተር እየታዘዘ በከፍተኛ ግፊት ስለሚረጭ ሞተር። ባለ 3 ሊትሩ 1ኬዲ አለ፣ ሰዉ ዲፎርዲ የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ባለ 2.8ቱ 1ጂዲ አለ። ዋጋው እንዳይነሳ። ግን እውነቱን ለመናገር ስትነዳው ሌላ ዓለም ነው። ከአሮጌው ያነሰ ሞተር ሆኖ ከ160 ፈረስ በላይ ጉልበት ይሰጣል። ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ ወሬ እያወራህ ትወጣለህ፣ ተርቦው አየሩን ይጎትትልሃል። ናፍጣውም ከ10 ሊትር ብዙ አያልፍም። አንዴ ነድቼው ወደ ሐረር ስወጣ ልቤ ቀልጦ ነበር፣ አልዋሽም።

ታዲያ ምን ችግር አለ? ችግሩ የሚጠጣው ነገር ነው። የአሮጌው ኖዝል 150 ባር አልኳችሁ አይደል? ኮመን ሬል ጉልበት ሲጠየቅ ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፣ አዲሶቹ 2,000ንም ያልፋሉ። ያን ግፊት የሚይዘው ብረት ከብረት ጋር ያለው ክፍተት ማይክሮን ነው፣ ከፀጉር በብዙ እጅ የቀጠነ። ቅባቱ ደግሞ ራሱ ናፍጣው ነው። ውሃ ወይም አቧራ ገባ ማለት ናፍጣ የሚረጨውን ኢንጀክተርህን ብርጭቆ ወረቀት አበላኸው ማለት ነው።

አሁን ይሄን ሞተር ይዛችሁ ወደ እኛ ኑሮ ኑ። ማደያ ላይ የናፍጣ ሰልፉን ታውቁታላችሁ። ባለፈው ዓመት የተከራየነው ዲፎርዲ ፒካፕ ሰልፍ ላይ ውሎ ስላልደረሰው፣ ሥራው ደግሞ ስለማይቆም፣ መንገድ ዳር ከቢጫ ጄሪካን ቀዳንለት። እኔም አብሬ አጥፍቻለሁ። ሽንሌን አልፈን ብዙም ሳንሄድ መብራት በራ፣ ጉልበቱ ጠፋ፣ ከዚያ ዝም። ሾፌሩ ወርዶ የፊልትሮውን ታች ፈታና በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀበለው። ጥላ ላይ አስቀመጥነው። ቀስ እያለ ተለያየ። ቢጫው ናፍጣ ከላይ፣ ንጹህ ውሃ ከታች፣ ከጠርሙሱ ሲሶ የሚሆን ውሃ! እኔ ውሃ ፈልገው ሰማንያ ሜትር ቆፍረው የሚጠብቁኝ ሰዎች ዘንድ እየሄድኩ፣ ውሃው መኪናዬ ውስጥ ነበር ለካ።

በዚያ በረሃ ላይ ሁለት ቁልፍና ስድብ ምንም አልሠሩም። መኪናው በሌላ መኪና ተጎትቶ ድሬ ገባ። ታብሌቱ ተሰካ፣ ቁጥር አወጣ። ኢንጀክተሮቹ ተፈትተው አዲስ አበባ ለፍተሻ ተላኩ። ከአራቱ ሁለቱ ሞተዋል ተባለ። የአንዱን ዋጋ የሰማው የመኪናው ባለቤት እኔን ያየበት ዓይን እስካሁን ይታየኛል። ግማሹን እኔ ከፈልኩ።

ናፍጣው ንጹህ ቢሆንም አላለቀም። ዲፎርዲው ራሱ የታወቀ አመል አለው። ኢንጀክተሩ ስር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስትለቅ ጭሱ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍራል። ከታች ያለው የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፈናል። ከዚያ ሞተር ያለ ዘይት ሲዞር አስቡት። ቀለበቷ ደግሞ ሳንቲም የምታክል ነገር ናት፣ በጊዜ ብትቀየር ያ ሁሉ አይመጣም። «ቀለበቱ ተቀይሯል ወይ?» ብዬ ስጠይቅ ግን አንዱ ሻጭ የጋብቻ መስሎት ሳቀ። 1ጂዲው ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ደግሞ ማርሚታው መንገድ ላይ ዲፒኤፍ የሚባል የጥላሸት ማጣሪያ አለው። ያ ማጣሪያ ጥላሸቱን የሚያቃጥለው በ600 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት፣ ረዘም ያለ መንገድ ሲያገኝ ነው። ከዚራ ለከዚራ ስትዞርበት ከዋልክ ይታፈናል። እዚህ መፍትሔው ምንድን ነው? ቆርጦ መጣል! ለማጣሪያው ከፍለህ ትገዛለህ፣ ለማስጣያው ደግሞ ትከፍላለህ።

አንድ ደላላ ሊያስታርቀኝ ፈልጎ «የመሀሉን ውሰዳ» አለኝ። 1ኬዜድ፣ ባለ 3 ሊትር ተርቦ፣ ኮመን ሬል ያልሆነ። አመሰግናለሁ ወንድሜ። ያ ሞተር ውሃ አንዴ ካፈላ ቴስታታው እንደሚሰነጠቅ የድሬ መካኒክ ሁሉ ያውቃል። በድሬ ሙቀት፣ በደንገጎ ዳገት፣ ባረጀ ራዲያተር!

ይኸውላችሁ፣ የሚያናድደኝ የሞተሩ ነገር አይደለም። ሁለቱም ሞተር በቦታው ጎበዝ ነው። የሚያናድደኝ ሁሉም ሰው «የድሮ ይሻላል፣ አዲስ ይሻላል» እያለ ሲያደርቀኝ፣ እፊቴ የቆመው ይኸኛው መኪና ምን ሆኖ እንደኖረ የሚነግረኝ አንድ ሰው መጥፋቱ ነው። አሮጌ ያለው አሮጌ ያወድሳል። አዲስ የሚጠግን አዲስ ያወድሳል። ክርክሩ ለሻጩ ተመችቶታል፣ «1ኤችዜድ ነው» ካለ በኋላ ሌላ ጥያቄ ስድብ ይሆንበታል። መዝገብ የለ፣ ደረሰኝ የለ። ዘይት መቼ ተቀየረ ስትል ጣሪያ የሚያይ ሰው ሚሊዮን ሲጠራ ግን ዓይንህን እያየ ነው።

እኔ ወደ አሮጌው አዘንብያለሁ፣ ልደብቃችሁ አልችልም። የተሻለ ስለሆነ አይደለም። አይሻ ላይ ሲቆም የሚያስነሳው ሰው ስላለ ነው። ስለዚህ ትንሽ ተማርኩ። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መክደኛውን ፈትቼ ገልብጬ እዚያው አስቀምጠዋለሁ። ከዘለለ፣ ጭስም ቡፍ ቡፍ ካለ፣ ፒስተኑ አልቋል ብዬ ጫማዬን አነሳለሁ። ዋናው ግን ቀዝቃዛ ሲነሳ ማየት ነው። ድሬ ደግሞ ለዚህ ክፉ ከተማ ናት። ናፍጣ ሞተር የሚነሳው ጨምቆ በሚያሞቀው አየር ነው፣ እዚህ አየሩ ራሱ ሙቅ ስለሆነ የደከመ ሞተርም ጀግና ይመስላል። ገዝተኸው ኅዳር ላይ ሐረማያ ስታድር ነው ጠዋት የሚያለቅስብህ። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሳይነካ ያደረ መኪና፣ በንጋት፣ ይሄ ነው ልመናዬ።

ትናንት ሳቢያን የማየው አንድ ሃርድቶፕ ነበረኝ። ደህና የሚመስል። ዋዜማውን ማታ ባለቤቱ ጋ ደወልኩ። «ጠዋት 12 ሰዓት እመጣለሁ። እባክህ እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው።» «ዋላሂ አንነካውም!» አለኝ። ሁለቴ ማለ።

12 ሰዓት ላይ ከወንድሜ ጋር ደረስን። ግቢው ተጠርጓል፣ መኪናው ታጥቧል፣ ሻይ ሁሉ ቀረበልን። ጎማዎቹ ስር ያለው ውሃ ገና አልደረቀም። ሰውየው ስለ መኪናው ሲያወራ እኔ ቀስ ብዬ ቦኔቱ ላይ እጄን አሳረፍኩ።

ይሞቃል። እንደ ምጣድ ይሞቃል።

ዞር ብዬ አየሁት። «ፀሐይ ነው» አለኝ።

ፀሐይዋ ገና ከአጥሩ አላለፈችም። ወንድሜ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣና ባጃጅ ጠራ።